ከእንጦጦ የወረደው ሁሉ አቃቂ ያድራል

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሰሜን ጫፏ እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ደቡብ ጫፏ አቃቂ ቃሊቲ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ቁልቁለት የዝናቡ ጎርፍ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ፣ የጋራዡ የተቃጠለ ዘይት፣ የቆዳ ፋብሪካው ኬሚካል፣ የቄራው እጣቢ ሁሉ የሚሄዱበት አቅጣጫ አንድ ነው። ቀበናና ባንተይቀጡ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል ይወርዳል። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ያመራሉ።

ሽቅብ የሚወጣም አለ። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚቀዳው የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ እየተገፋ ወደ ከተማዋ ይወጣል፤ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ጋር ሆኖ የመዲናዋን ጥም ከሚቆርጡት ዋና ምንጮች አንዱ ነው። አቃቂ ንጹሕ ውሃ ትልካለች፣ የቆሸሸውን ትቀበላለች። ስለ አካባቢው ጤና ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን የሚያለማ ገበሬ ሆዱን ሲያመው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ላሙ ስታስወርድ የእንስሳት ሐኪም ይጠራል። ወንዙ ሲከረፋ ለአካባቢ ጥበቃ ያመለክታል፤ ቧንቧው ሲደርቅ ደግሞ ውሃና ፍሳሽ ደጅ ይጠናል። በየቢሮው መዝገብ ይከፈትለታል፤ መዝገቦቹ ግን እርስ በርስ አይተያዩም። ሰውየው ያው አንድ ሰው፣ ወንዙም ያው አንድ ወንዝ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር በየክፍሉ ሳይሆን በትስስሩ እንመልከተው የሚለው አካሄድ ሥርዓታዊ አስተሳሰብ ይባላል። የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድነት ለማየት ሲውል «አንድ ጤና» ከሚለው መርሕ ጋር ይጣመራል፤ ይህም ቃል ባለፉት አሥር ዓመታት ከስብሰባ አዳራሾቻችን ጠፍቶ አያውቅም። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ፣ አካሄዱ ስለ አቃቂና ስለ መዲናዋ ደቡባዊ ዳርቻ ከዚህ በፊት የማናውቀውን ምን ነገረን? የሚል ነው። ብዙ ነግሮናል ባይ ነኝ። የነገረን ግን ተመራማሪዎች አንድ ክር ይዘው እስከ ጫፉ በተከተሉ ጊዜ እንጂ፣ ሁሉን ነገር በአንድ ሰሌዳ ላይ ለመሣል በተሞከረ ጊዜ አይደለም።

ሥርዓታዊ አስተሳሰብ ከጤና መስክ አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጄይ ፎሬስተር በአሜሪካው ኤምአይቲ የፋብሪካ ምርትና ክምችት ለምን እንደሚዋዥቅ ሲመረምሩ የቀመሩት ነው፤ ዶኔላ ሜዶውስና ባልደረቦቻቸው በ1972 በመጽሐፍ ወደ ዓለም አቀፍ ክርክር አወጡት። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ውጤት ዞሮ ምክንያት ይሆናል፣ በሁለቱ መካከል መዘግየት አለ፣ አንድ ቦታ መፍትሔ የተባለው ሌላ ቦታ ችግር ሆኖ ብቅ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በአንድ ጤና ስም አብረው መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ግን በይፋ የተቀላቀላቸው በ2022 ነው። አካባቢ በመጨረሻው ወንበር መቀመጡ ወደ እኛም ወርዷል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ ሁሉ ከውጭ የመጣ የሚመስለው ካለ እ.ኤ.አ. ወደ 1964 ዓድዋ መለስ ይበል። ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ትሉ በሰው ደም ሥር ይኖራል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድርና ከሽንት ጋር ወደ ውሃ ይገባል፣ ከዚያም ቀንድ አውጣው ውስጥ ካላደገ ሌላ ሰው ላይ አይደርስም። የዘመኑ ሕክምና ያተኮረው ትሉን በመግደል ላይ ነበር። አክሊሉ ግን ዓይናቸው ያረፈው ከሐኪምም ከታማሚም ውጭ ባለ ነገር፣ በልብስ አጣቢዎቹ ሳሙና ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፍ ተቋማት የእንዶድ መርዛማነት በምዕራባውያን ቤተ ሙከራ መስፈርት ካልተፈተሸ ማለታቸው ሥራውን ለዓመታት አጓተተው። በ1989 አክሊሉና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተጋሩ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋሙ በአክሊሉ ስም ይጠራል፤ በከተማዋ ዙሪያ ስለ ላም ሳምባ ነቀርሳ ከሚያጠኑትም አንዱ ነው።

ወደ ደቡብ ዳርቻው ስንመጣ ወተትን የሚያህል ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 «ፉድ ኮንትሮል» በተባለው መጽሔት በወጣ ጥናት፣ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርበው አካባቢ 110 የወተት ናሙና መረመሩ። የሻጋታ መርዝ የሆነው አፍላቶክሲን ኤም1 በሁሉም ውስጥ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው ወሰን፣ ማለትም በሊትር 0.05 ማይክሮግራም፣ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ፤ አሜሪካ ከምትፈቅደው 0.5 ማይክሮግራም ያለፉት ደግሞ 29። (በነገራችን ላይ በሁለቱ ወሰኖች መካከል አሥር እጥፍ ልዩነት አለ፤ አንዱ አገር የሚደፋውን ወተት ሌላው ለልጁ ያጠጣል።)

መርዙ ከየት መጣ? ከላሟ አይደለም። የኑግ ፋጉሎ በእርጥበትና በሙቀት ሲከማች ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን ቢ1ን ያመነጫል። ላሟ ፋጉሎውን ስትበላ ጉበቷ ወደ ኤም1 ይለውጠውና በአንድ ቀን ውስጥ በወተቷ ይወጣል። ማፍላት አያጠፋውም። የተበከለውን መኖ ማቆም ግን ወተቷን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያጠራዋል። ኑጉ ጎጃም ወይም ወለጋ ይበቅላል፣ መጭመቂያ ዘይቱን ይወስዳል፣ ተረፈ ምርቱ በነጋዴ መጋዘን ይቆያል፣ ግጦሹን ኮንዶሚኒየም የወሰደበት የቃሊቲ ከብት አርቢ ደግሞ ለፕሮቲን ሲል ይገዛዋል። እንዲህ ሆኖ በሩቅ መጋዘን ያፈሰሰ ጣሪያ ቃሊቲ ያለ ሕፃን ጡጦ ውስጥ ይደርሳል።

የውጤቱ ወሬ ሲሰማ የሆነው ነገር ከግኝቱ በላይ ያስተምራል። ሸማቹ ሸሸ፣ የወተት ፍላጎት ወረደ። የተቀጣው ማን ነው? በእምነት ፋጉሎ የገዛው አርቢ እንጂ ፋጉሎውን ያስሻገተው አይደለም። ገቢው የቀነሰ አርቢ ርካሽ መኖ ፍለጋ ይሄዳል፤ ርካሹ መኖ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይበልጥ የከፋው ነው። በዚህ ላይ የዓቢይ ጾም ሲገባ የወተት ገበያ አስቀድሞም ይቀዘቅዛል፤ የከተማ ወተት ንግድ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ይተነፍሳል። ጾምን ያላካተተ የኢትዮጵያ ወተት ጥናት ግማሽ ጥናት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ መኖውን የሚቆጣጠረው የግብርናው ወገን ነው፣ ወተቱ ምግብ ሆኖ ሲሸጥ ግን ጉዳዩ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሆናል። መፍትሔው ያለው መኖው ላይ ነው፤ ጩኸቱ ግን ወተቱ ላይ ነበር።

የላም ሳምባ ነቀርሳ ክር ይበልጥ ጠመዝማዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በ«ፕሎስ ዋን» የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተሻሻሉ ዝርያዎች በሚረቡባቸው የወተት እርባታዎች ከተመረመሩት ከብቶች 30 በመቶ ያህሉ፣ ከመንጋዎቹም ግማሽ ያህሉ የተያዙ መሆናቸውን አሳየ። ሰው ያልተፈላ ወተት ይጠጣል፣ ስለዚህ የሰው ሳምባ ነቀርሳ ከላም ይመጣል ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። ነገር ግን በ2013 በሌላ ጥናት ከኢትዮጵያ ታማሚዎች የተወሰዱ 964 ናሙናዎች በሞለኪውል ደረጃ ሲለዩ፣ የላሙ ባክቴሪያ ድርሻ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ነው ሥርዓታዊ አስተሳሰብ ከአሉባልታ የሚለየው። «ሁሉ ነገር ከሁሉ ነገር ጋር ይያያዛል» ማለት ብቻውን ዕውቀት አይደለም፤ የትኛው ማያያዣ ወፍራም፣ የትኛው ቀጭን እንደሆነ መለካት አለበት።

ቀጭን ነው ማለት ግን ይተው ማለት አይደለም። የታመመች ላም ወተቷ ይቀንሳል፣ ትከሳለች፣ አርቢው ሳይመረምር ይሸጣታል፤ ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሚወጡ ጊደሮች በሽታውን የወተት እርባታ ገና ወደሚያብብባቸው ከተሞች ሊያደርሱት ይችላሉ። ሀብታም አገሮች መርምሮ ማረድንና ካሳ መክፈልን መርጠዋል። ከሦስት ከብት አንዱ በተያዘበት አካባቢ ግን ይህን የሚከፍል በጀትም አርቢም የለንም። እ.ኤ.አ. በ2024 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው፣ በኢትዮጵያ በተካሄደ ሙከራ ላይ የተመሠረተ ጥናት ሌላ በር ከፈተ፤ ቢሲጂ የተከተቡ ከብቶች የመያዝ ዕድላቸው ከመቀነሱም በላይ፣ ቢያዙ እንኳ ለሌላ የማስተላለፍ አቅማቸው በ74 በመቶ ወረደ፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ክትባቱ 89 በመቶ ውጤታማ ሆነ። ሕፃናት የሚከተቡት ያው ቢሲጂ ነው። ችግሩ የተከተበች ላም በተለመደው የቆዳ ምርመራ የታመመች መስላ መታየቷ ነው፤ ስለዚህ ክትባቱ አዲስ ምርመራ፣ አዲሱ ምርመራ ደግሞ አዲስ የግብይት ደንብ ይጠይቃል።

ስለ አትክልቱ የተጻፈው ከሁሉ ይበዛል፤ እኔ ግን ከሁሉ ያነሰ የገባን እሱ ይመስለኛል። ፍሥሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ከሚመረቱ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይልቅ ከባድ ብረቶችን እንደሚያከማቹ አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ በአቃቂ ወንዞች ውሃ፣ አፈርና አትክልት ላይ የተደረጉት የኬሚስትሪ ልኬታዎች ተደራርበዋል፤ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ እርሳስ። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ በዚህ ውሃ የሚያለሙ ቤተሰቦች ራሳቸው ለበሽታ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ባዶ እግሩን ቦይ ውስጥ የሚቆመው ሰው ከሸማቹ ቀድሞ ይታመማል።

ብረትና ተህዋስ በአንድ ውሃ ይምጡ እንጂ አንድ ችግር አይደሉም። ሰላጣ ጥሬውን ይበላል፤ በደንብ ማጠብና ሆምጣጤ ተህዋሱን ይቀንሱት ይሆናል፣ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ካድሚየም ግን አይነኩም። ለብረቱ መላው የሰብል ምርጫና የፋብሪካው ቧንቧ ነው፤ ለተህዋሱ የመጸዳጃ ቤትና የፍሳሽ መስመር። ሁለቱን «ብክለት» በሚል አንድ ቃል ማጠቃለል ለሪፖርት ይመቻል፣ ለሥራ ግን ያስቸግራል።

በየጊዜው የሚነሳው ሐሳብ ደግሞ ይከልከል የሚል ነው። ይከልከል እንበል። ወንዝ ዳር የሚያለማው ገበሬ ቤተሰቡን የሚመግብበት ያጣል፣ ከማሳው ገዝታ ጉልት የምትቸረችረው እናት ሥራ ታጣለች፣ የጎመን ዋጋ ይወጣል። ከተማው አትክልቱን ከመቂና ከባቱ ያስመጣል፤ በዚያም የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች ላይ ፀረ ተባይ በብዛት ይረጫል። አደጋው ከካድሚየም ወደ ፀረ ተባይ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። እኔ ክልከላን በጭፍን የምቃወም አይደለሁም፤ ማን እንደሚከስር አስቀድሞ ያልቆጠረ ክልከላ ግን በሌሊት በሚጫን መኪና ይሸነፋል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ ገበሬው የመጨረሻው ተቀባይ እንጂ የመጀመሪያው በካይ አይደለም።

የቆዳው ታሪክ ስለ አቃቂ ሲጻፍ እምብዛም አይነሳም፤ መነሳት ግን ነበረበት። መንግሥት ያለቀለት ቆዳ እንዲላክ ብሎ ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልኩ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ። ዓላማው የሥራ ዕድልና ዶላር ነበር። ጥሬ ቆዳ ከአገር ፋብሪካ ውጭ ገዢ አጣ፤ ፋብሪካዎቹ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ እጥረትና በዓለም ገበያ መቀዝቀዝ ሲዳከሙ የበግ ቆዳ ዋጋ ወደቀ። ድሮ በበዓል ማግስት «ቆዳ ያለው!» የሚለው ጥሪ ከጠዋት ይሰማ ነበር። አሁን ቆዳው በየጥጋጥጉና በየወንዙ ይጣላል፤ ባለቤት አልባ ውሻ ይቀለብበታል። ውሻ በበዛበት የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም ይበዛል። የንግድ ፖሊሲ ሲቀረጽ ስለ ውሻ ያሰበ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ተቋማቱስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ተሰብስበው ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ አምስት በሽታዎች መረጡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኢኪኖኮኮሲስ። በ2016 አገር አቀፍ የአንድ ጤና አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዝርዝሩ ለአገር አቀፍ ሥራ ተገቢ ነበር፤ ከአቃቂ ሆኖ ሲታይ ግን አፍላቶክሲን አልነበረበትም፣ ክሮሚየም አልነበረበትም፣ የላም ሳምባ ነቀርሳም አልነበረበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተጠየቀው «የትኛው በሽታ ይቅደም?» ነበር እንጂ «የቱ ማያያዣ ቢቆረጥ ብዙ ነገር ይቀላል?» አልነበረም። በሽታ ባለቤት ቢሮ አለው፤ ማያያዣ የለውም። አካባቢ ጥበቃም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከጤናና ከግብርና ያነሰ በጀትና ያነሰ ድምፅ ይዞ ይቀመጣል። ሕጉ ግን አልጎደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ።

በአካሄዱ ላይ ያለኝ ቅሬታም እዚህ ጋ ይመጣል። በየአውደ ጥናቱ የሚሣሉት የምክንያትና ውጤት ካርታዎች ቀስቶቻቸው ሁሉ እኩል ውፍረት አላቸው። በአንዱ ቀስት ላይ ገንዘብ ያገኘና በሌላው ላይ የከሰረ ሰው አይታይም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ባለሙያና ኃላፊ ነው፤ ጉልት ቸርቻሪዋና የፋብሪካው ባለቤት አልተጠሩም። መዘግየትም አይሣልም፤ ተቅማጥ በሁለት ቀን ይመጣል፣ የካድሚየም የኩላሊት ጉዳት ግን ዓመታት ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ሰውየው ሰፈር ቀይሯል፣ ሹሙም ቢሮ ቀይሯል። ወሰንም አለ። ወንዙ ከአዲስ አበባ አስተዳደር ወጥቶ ኦሮሚያ ይገባል፤ በላይ የሚለቀው የከተማ ነዋሪና በታች ከብቱን የሚያጠጣው አርሶ አደር አቤት የሚሉት ለተለያየ አስተዳደር ነው።

የተሠራ ሥራ የለም ማለት አይቻልም። በቃሊቲ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም ያለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመርቋል፤ ከአሮጌዎቹ ኩሬዎች ጋር የማይወዳደር እመርታ ነው። ነገር ግን ጣቢያ የሚያጣራው የደረሰለትን ብቻ ነው፤ ብዙ ቤት ገና ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፣ እንዲህ ያለው ጣቢያም የተሠራው ለቤት ፍሳሽ እንጂ የፋብሪካ ብረት ለመለየት አይደለም። በ2019 ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ተገምቶለት ተነሳ። ዓይን የገቡት ሥራዎች በላይኛውና በመሐል ከተማ ናቸው። ከላይ መጀመር ለወንዝ ትክክል ነው፤ የውሃው ልኬታ ግን መወሰድ ያለበት አቃቂ ድልድይ ላይ ነው። በቅርቡ ወንዝ በሚበክሉ ላይ የተጣለው ከባድ ቅጣትም እንዲሁ መታየት አለበት፤ ሆቴልና ፋብሪካን ሊያስደነግጥ ይችላል፣ የሚያገናኘው መስመር በሌለበት መንደር ያለው አባወራ ግን ምን አድርጎ ይታዘዘው?

ከዚያ በታች አባ ሳሙኤል አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ለኤሌክትሪክ የተሠራው ይህ ግድብ ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ፣ 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጫው በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2016 ሥራ ጀመረ። ከተማው የሚልክለት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እምቦጭን ያፋፋዋል። የሚወርደው ደለል ደግሞ ግድቡ ላይ ይቀመጣል፤ ከባድ ብረት በተፈጥሮው ከደለል ጋር ስለሚጣበቅ፣ ግድቡ ማንም ሳያቅደው አዋሽ ላይ ካለው ቆቃ ሐይቅ ከመድረሱ በፊት የከተማዋን መርዝ የሚያስቀር ማጥለያ ሆኗል። ኃይል ማመንጨቱ እንዲቀጥል ደለሉ ይጠረግ የሚል ኢንጂነር ትክክል ነው፤ አይነካ የሚል የጤና ባለሙያም ትክክል ነው። የሚጠረገው ጭቃ የት እንደሚደፋ፣ ማን እንደሚመረምረው፣ በዙሪያው ያለ አርሶ አደር ለማዳበሪያ ሲጭነው ማን እንደሚከለክለው ከመጀመሪያው አካፋ በፊት መወሰን ያለበት ነው፤ ለዚህ ውሳኔ ደግሞ ቢያንስ ከኃይል፣ ከውሃ፣ ከግብርና፣ ከጤናና ከሁለት አስተዳደሮች የተውጣጡ ሰዎች በአንድ ወረቀት ላይ መፈረም ይኖርባቸዋል።